ነፍሳትን ለመብላት ላሰበ ጀማሪ፦ ከእርባታ እስከ ሳህን

ነፍሳት ለመብላት አስባችሁ ከየት እንደምትጀምሩ ግራ ከገባችሁ ይሄ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ሲወራ አንዳንዱ የድፍረት መፈተኛ ያደርገዋል፣ ሌላው ደግሞ ዓለምን ከረሃብ የሚያድን ተአምር አድርጎ ያቀርበዋል። ሁለቱም ወጥ ቤት ውስጥ አይጠቅሟችሁም። ነፍሳት ሥጋ ናቸው። ትንንሽ ናቸው፣ እግራቸው ስድስት ነው፣ ግን ሥጋ ናቸው። ጥሬ ሥጋ እጃችሁ ሲገባ የምታደርጉት ጥንቃቄ ሁሉ ለነሱም ያስፈልጋል፤ ከዚህ በታች የምነግራችሁ እያንዳንዱ ደረጃ ከዚህ ሐሳብ የሚነሳ ነው።

ነገሩ አዲስ ፈጠራ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ሪፖርት፣ ነፍሳት ቢያንስ የ2 ቢሊዮን ሰዎች የተለመደ ምግብ አካል እንደሆኑ ገምቷል፤ ለምግብነት እንደሚውሉ የተመዘገቡት ዝርያዎችም ከ1,900 በላይ ናቸው። ሜክሲኮ ውስጥ ፌንጣ በሎሚና በቃሪያ ይጠበሳል። ታይላንድ ውስጥ ክሪኬት (ማታ ማታ ጭርር የሚለው የፌንጣ ዘመድ) ማርባት ራሱን የቻለ የገበሬ ሥራ ነው። በደቡባዊ አፍሪካ ደግሞ ሞፓኔ የሚባለው አባጨጓሬ ሆዱ ተጨምቆ ይጸዳል፣ በጨው ውሃ ይቀቀላል፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ ይደርቃል። ልብ በሉ፣ እነዚህ ሰዎች ያገኙትን ሁሉ አንስተው አይበሉም። የሚበላውን ለይተው ያውቃሉ፣ ያጸዳሉ፣ ያበስላሉ። እኛም የምንማረው ይሄንኑ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ መብላት የሌለበት ማን ነው?

ይሄን ክፍል እንዳትዘሉት። ሽሪምፕ፣ ሸርጣን ወይም ሎብስተር ሲበላ አለርጂ የሚነሳበት ሰው ነፍሳትን አይሞክር። ነፍሳትና እነዚህ የባሕር እንስሳት ሩቅ ዘመዳሞች ናቸው፤ ትሮፖማዮሲን የሚባል በጣም የሚመሳሰል የጡንቻ ፕሮቲን አላቸው፣ ስለዚህ አንዱን የማይቀበል ሰውነት ሌላውንም አልቀበልም ሊል ይችላል። የቤት አቧራ ውስጥ በሚኖሩት ዱስት ማይት በሚባሉ ጥቃቅን ፍጥረታት አለርጂ የሚነሳባቸው ሰዎችም ስጋቱ አለባቸው። በደንብ ባበስለውስ የሚል ጥያቄ ይነሳ ይሆናል፤ አይሠራም፣ ትሮፖማዮሲን በሙቀት በቀላሉ የሚፈርስ ነገር አይደለም።

ሌላም አለ። ግሉተን የማይስማማው ሰው ስንዴ ወይም የስንዴ ፉርሽካ እየበሉ ያደጉ ነፍሳትን ይተው፤ የነፍሳቱ ሆድ ውስጥ የቀረው መኖ አብሮ ይበላልና። አስም ያለበት ሰው ደግሞ መብላቱ ባይከብደው እንኳ እርባታው ሊከብደው ይችላል፣ ምክንያቱም የኩሳቸውና የቆዳቸው ብናኝ አየር ላይ ይነሳል።

1ኛ ደረጃ፦ ምን ልብላ?

ለጀማሪ የምመክረው የዱቄት ትልን ነው። እንግሊዝኛ የለመዳችሁ ሚልዎርም በሚለው ስሙ ታውቁታላችሁ። የአንድ ጥቁር ጢንዚዛ እጭ ሲሆን ቀለሙ ወርቃማ ቢጫ ነው፣ ርዝመቱ 3 ሴንቲ ሜትር ቢደርስ ነው። አይዘልም፣ ድምፅ አያሰማም፣ ልሙጥ ግድግዳ መውጣት አይችልም። ጣዕሙ ሲጠበስ ወደ ለውዝ ያደላል። እግር የመልቀምም ሆነ ክንፍ የመንቀል ጣጣ የለበትም።

ቀጥሎ የሚመጣው ክሪኬት ነው። ጣዕሙ ጥሩ ነው፣ ለዱቄትም ከትሉ ይሻላል፣ ማርባቱ ግን ጣጣ አለው። አንበጣና ፌንጣ ሥጋቸው በርከት ይላል፣ ለማጽዳት ግን ጊዜ ይወስዳሉ። የሐር ትል ፑፓ (ትሉ የእሳት ራት ከመሆኑ በፊት ተጠቅልሎ የሚቆይበት ደረጃ) ሽታው ጠንከር ስለሚል በሱ መጀመር ጥሩ አይመስለኝም። ብዙዎች በሱ ጀምረው በዚያው ይተዉታል።

የማይነካውስ? ማንነቱን እርግጠኛ ያልሆናችሁበት ነፍሳ ሁሉ አይበላም። በቃ። ደማቅ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ቀለም ብዙ ጊዜ "መርዝ ነኝ" የሚል ማስጠንቀቂያ ነው። ፀጉራም አባጨጓሬም፣ ሲነኩት የሚሸት ፌንጣም ይቅር። አንዳንድ ጢንዚዛዎች ካንታሪዲን የሚባል መርዝ አላቸው፤ ቆዳን ያቆስላል፣ ከተዋጠ ደግሞ ሊገድል ይችላል። ሲያናይድ የሚያመነጩ የእሳት ራቶችም አሉ። ሰዎች ለረጅም ዘመን ሲበሏቸው የኖሩ ዝርያዎችም ቢሆኑ ሁልጊዜ ከጉዳት ነጻ ናቸው ማለት አይደለም። ናይጄሪያ ውስጥ የሚበላው አናፌ የተባለ የዱር የሐር ትል ቫይታሚን ቢ1ን የሚያፈርስ ኢንዛይም አለው፤ ኢንዛይሙ እሳትንም ይቋቋማል፣ እናም ቀድሞውኑ ቢ1 ያጠራቸው ሰዎች ትሉን ሲበሉ የመንቀጥቀጥና ሚዛን የመሳት ሕመም ይዟቸዋል። ስለዚህ በደንብ ከተጠኑትና ለምግብ ከሚረቡት ዝርያዎች አትውጡ።

2ኛ ደረጃ፦ ከየት ላምጣ?

ከሜዳ አትልቀሙ። ለጀማሪ ይሄ ሕግ ነው፣ ድርድር የለውም። ፌንጣው ትናንት የት እንደዋለ አታውቁም። ፀረ ተባይ በተረጨበት ማሳ ላይ ዛሬ ሲርመሰመስ ብታዩት እንኳ መርዙን ተሸክሞ ሊሆን ይችላል። በተለይ የአንበጣ መንጋ ሲመጣ ርጭት መኖሩ የተለመደ ነው፤ በየቦታው ወድቆ የተገኘ አንበጣ ለሰውም ለዶሮም አይሰጥ። ከባድ ብረቶችም አሉ። አሜሪካ ካሊፎርኒያ ውስጥ የሕፃናት ደም ላይ ከፍተኛ መጠን ያለው እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ተገኝቶ ምንጩ ሲፈለግ፣ ከተገኙት ነገሮች አንዱ ከሜክሲኮ ኦዋሃካ የመጣ የደረቀ ፌንጣ ነበር። ይሄንን ደግሞ የትኛውም እሳት አያጠፋውም።

ለወፍ፣ ለዓሣ ወይም ለእንሽላሊት መኖ ተብለው የሚሸጡትን በቀጥታ አትብሉ። ዝርያው አንድ ዓይነት ቢሆንም ምን እየበሉ እንዳደጉ፣ ቦታቸው ምን ያህል ንጹሕ እንደነበር ለሰው ምግብ በሚሆን ደረጃ የሚቆጣጠር የለም። ለማርባት ዘር እንዲሆኗችሁ ግን ልትገዟቸው ትችላላችሁ፣ የምትበሉት ልጆቻቸውን እስከሆነ ድረስ።

ሁለት ንጹሕ መንገድ ይቀራል። አንደኛው ለሰው ምግብ ብሎ ከሚያመርት አካል መግዛት ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2021 አጋማሽ የደረቀ የዱቄት ትልን፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ አንበጣን፣ በ2022 የቤት ክሪኬትን፣ በ2023 መጀመሪያ ደግሞ ትንሹን የዱቄት ትል ለምግብነት ፈቅዷል፤ ማሸጊያው ላይም የአለርጂ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ ያስገድዳል። ስትገዙ ዝርያው፣ የመጠቀሚያው ጊዜና የአለርጂው ማስጠንቀቂያ መጻፉን እዩ። ካልተጻፈ መልሱት። ሁለተኛው መንገድ ራሳችሁ ማርባት ነው፣ እሱን ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ።

3ኛ ደረጃ፦ የዱቄት ትልን ቤት ውስጥ ማርባት

ሦስት ልሙጥ የፕላስቲክ ሳጥን ያስፈልጋችኋል፤ አንዱ ለትሎቹ፣ አንዱ ለፑፓዎቹ፣ አንዱ ለጢንዚዛዎቹ። ቁመታቸው 15 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ይበቃል። ክዳኑን ወይ አታድርጉት ወይ ሰፊ ቀዳዳ ቆርጣችሁ በወንፊት ሽቦ ሸፍኑት። አየር ካላገኘ እርጥበት ይታመቃል፣ እርጥበት ከታመቀ ሻጋታ ይመጣል። ይሄን እርባታ ከምንም በላይ የሚያበላሸው እርጥበት ነው።

ከታች ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የስንዴ ፉርሽካ አንጥፉ። ፉርሽካው መኝታቸውም ምግባቸውም ነው። መጀመሪያ ግን ለጥቂት ቀናት ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡት፤ እህል ውስጥ ተደብቀው የሚመጡ ጥቃቅን ተባዮች ካሉ ይሞታሉ። ከዚያ አውጥታችሁ፣ በደንብ ደርቆ ወደ ክፍሉ ሙቀት ሲመለስ ተጠቀሙበት።

ውሃ በዕቃ አታስቀምጡላቸው። ውሃቸውን የሚያገኙት ከአትክልት ነው። ካሮት ወይም ድንች ከርክማችሁ ላዩ ላይ ጣል አድርጉ፣ በየሁለት ቀኑ አሮጌውን አንሡና አዲስ ተኩ። በደንብ የታጠበ ይሁን። ሰላጣና ዱባም ይበላሉ፣ ግን ውሃቸው ስለሚበዛ ፉርሽካውን ያረጥቡታል፣ ስለዚህ ካሮት ይሻላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረግጥ። ነፍሳት ቆሻሻን ወደ ፕሮቲን ይለውጣሉ እየተባለ ብዙ ይወራል፣ እናም አንዳንዱ ሰው የተረፈ ምግብ፣ የሻገተ ዳቦ፣ የሥጋ ፍርፋሪ ሳይቀር ይጥልላቸዋል። አይደረግም! የበሉትን ነው የምትበሉት። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የሚረቡ ነፍሳት እንደ ማንኛውም የቤት እንስሳ ስለሚቆጠሩ ከምግብ ቤት የተረፈ ምግብና ፍግ መመገብ ክልክል ነው። ጥራት የሌለው መኖ ደግሞ ትሉንም ያቀጭጨዋል። አንድ ኪሎ ክሪኬት ለማግኘት 2 ኪሎ የማይሞላ መኖ ይበቃል የሚባለው እውነት ነው፣ ግን ደህና መኖ ሲሆን ነው።

ሙቀቱ ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን ደስ ይላቸዋል። ከ20 በታች ሲወርድ አይሞቱም፣ ግን እድገታቸው በጣም ይንቀረፈፋል። ጨለማ ይወዳሉ፣ ስለዚህ ቁም ሳጥን ሥር ወይም መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ዱቄትና እህል ከምታስቀምጡበት ክፍል ግን አርቋቸው። የእህል ተባይ መሆናቸውን አትርሱ፣ ካመለጡ ጓዳችሁን ነው የሚወሩት።

አሁን ዑደቱን እንይ። ሴቷ ጢንዚዛ በሕይወት ዘመኗ በመቶ የሚቆጠር እንቁላል ፉርሽካው ውስጥ ትጥላለች። እንቁላሉ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይፈለፈላል፣ ትሎቹ መጀመሪያ ላይ በዓይን አይታዩም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ "ምንም የለም" ብላችሁ ፉርሽካውን እንዳትደፉት። በሞቀ ቦታ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ውስጥ ለመብል ይደርሳሉ። ያልተሰበሰበው ትል ወደ ፑፓ ይለወጣል፣ ነጭ ሆኖ ዝም ብሎ ይተኛል፣ ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት ወዲያ ጢንዚዛ ሆኖ ይወጣል። ጢንዚዛው መጀመሪያ ነጣ ያለ ነው፣ ከዚያ ይቀላል፣ በመጨረሻ ይጠቁራል። ፑፓዎቹን በየጊዜው ለቅማችሁ ለብቻ አድርጉ፣ ምክንያቱም ትሎቹም ጢንዚዛዎቹም ይበሏቸዋል። ጢንዚዛዎቹ የራሳቸውን እንቁላል ስለሚበሉም በየሁለት ሳምንቱ ወደ ሌላ ፉርሽካ አዛውሯቸውና እንቁላል ያለበትን ፉርሽካ ለብቻው ተዉት።

ታች የሚጠራቀመው አሸዋ የሚመስል ነገር ኩሳቸው ነው። በወንፊት አጥልሉት፣ አፍና አፍንጫችሁን በማስክ ሸፍኑ፣ ቢቻል ደጅ ወጥታችሁ ሥሩት።

ጤነኛ ሳጥን የሚሸተው ፉርሽካ ፉርሽካ ነው። አፍንጫን የሚሰነፍጥ፣ አሞኒያ የሚመስል ሽታ ከመጣ ወይ ረጥቧል ወይ የሞተ ተጠራቅሟል ማለት ነው። የሳጥኑ ግድግዳ ላይ የሚንቀሳቀስ አቧራ የሚመስል ነገር ካያችሁ ደግሞ የእህል ማይት ገብቶባችኋል፤ ካሮቱን አውጡ፣ ፉርሽካውን ጣሉ፣ ሳጥኑን በፈላ ውሃ እጠቡ፣ ትሎቹን አጥልላችሁ ደረቅ አዲስ ፉርሽካ ላይ አድርጉ። የጠቆሩና የለሰለሱ የሞቱ ትሎች በብዛት ከታዩ ያንን ሳጥን ለመብል አትጠቀሙበት።

ምን ያህል ይገኛል? አንድ የደረሰ ትል ከ0.1 እስከ 0.15 ግራም ቢመዝን ነው። ስለዚህ 100 ግራም ለማግኘት ከ700 እስከ 1,000 ትል ያስፈልጋል። አንድ ሳጥን ቤተሰብ አይቀልብም። ሥራውን ለመልመድና አልፎ አልፎ አንድ ሳህን ለማዘጋጀት ግን ይበቃል፣ ከዚያ በኋላ ማስፋት የእናንተ ፈንታ ነው።

ክሪኬት ካላችሁም ባጭሩ፦ 30 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት፣ ረጅም ልሙጥ ሳጥን፣ የሚደበቁበት የእንቁላል ካርቶን፣ ውሃ በስፖንጅ (በሰፊ ዕቃ ከሆነ ጫጩቶቹ ይሰምጣሉ)፣ እንቁላል የሚጥሉበት እርጥብ አፈር። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይደርሳሉ። ከተጨናነቁ ወይም ፕሮቲንና ውሃ ካጠራቸው እርስ በርስ ይበላላሉ። ጩኸታቸውን መቻል አለባችሁ። አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ውስጥ የቤት ክሪኬት እርባታዎችን ጠራርጎ ያጠፋ ቫይረስም አለ፤ ሰውን አይዝም፣ ግን አንዴ ከገባ ሁሉንም ጥሎ ከዜሮ መጀመር ግድ ነው።

4ኛ ደረጃ፦ ማስራብ

ከመታረዳቸው በፊት ሆዳቸው ባዶ መሆን አለበት። ትሎቹን አጥልላችሁ ባዶ ንጹሕ ዕቃ ውስጥ ቢያንስ ለ24 ሰዓት፣ ቢቻል ለ48 ሰዓት ያለምንም መኖ አቆዩአቸው። ሥሩ ወንፊት ከሆነ ኩሳቸው ወደታች ይወርዳል፣ ተመልሰው አይበሉትም። ይሄን የዘለለ ሰው ሲበላ ፉርሽካና ኩስ አብሮ እየበላ ነው፤ ጣዕሙም መራራ ይሆናል። ሲያልቅ የሞቱትን ለይታችሁ ጣሉ። ሞቶ የተገኘ እንስሳ አይበላም፣ ትንሽ ስለሆነ ሕጉ አይለወጥም።

5ኛ ደረጃ፦ መግደልና ማጠብ

ከነሕይወታቸው ፍሪዘር ውስጥ ማስገባት የተለመደው መንገድ ነው። የሰውነታቸው ሙቀት ከአካባቢው ጋር አብሮ ስለሚወርድ ቀስ በቀስ ይደነዝዛሉ፣ ከዚያ ይሞታሉ። በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች አንድ ወይም ሁለት ቀን ይቆዩ። ነፍሳት ሕመም ይሰማቸዋል ወይስ አይሰማቸውም የሚለው በሳይንስ ገና ያልተዘጋ ጥያቄ ነው፤ እኔ ስለማላውቀው ነገር ባለማሰቃየት ብሳሳት ይሻለኛል። ለዚህ ነው በቅዝቃዜ አደንዝዞ ከዚያ በብዙ የፈላ ውሃ በቅጽበት መግደልን የምመርጠው። መጥበሻ ላይ ከነሕይወታቸው መድፋት ግን ጭካኔም ነው፣ ለወጥ ቤትም አይመችም።

ከፍሪዘር ሲወጡ ወንፊት ላይ አድርጋችሁ በቀዝቃዛ ውሃ በደንብ እጠቧቸው። የተላጠ ቆዳ ይንሳፈፋል፣ እሱን አስወግዱ።

አንበጣ ወይም ፌንጣ ከሆነ እዚህ ላይ ክንፉንና የኋላ እግሮቹን ንቀሉ። ለውበት አይደለም። እግሩ ላይ ያሉት እሾሆች አንጀት ውስጥ ተሰክተው መንገድ ሊዘጉ ይችላሉ፤ እግር ሳይነቅሉ በብዛት በልተው ከባድ የሆድ ድርቀት የያዛቸው ሰዎች ነበሩ። ጭንቅላቱን ቀስ ብላችሁ ስትስቡት አንጀቱ አብሮ ይወጣል።

6ኛ ደረጃ፦ መቀቀል፣ ሁልጊዜ

ከሁሉም ደረጃ አንዱን ብቻ ያዙ ብባል ይሄን ነው የምላችሁ። ብዙ ሰው በቀጥታ ወደ መጥበሻ ይሄዳል። መጥበስ ብቻውን አይበቃም፤ ውጩ ሲያር ውስጡ በቂ ሙቀት ላያገኝ ይችላል። ነፍሳትን ደግሞ የምንበላው ከነአንጀታቸው ስለሆነ ባክቴሪያው ያለው ውስጣቸው ነው።

ትልቅ ድስት ውሃ አፍሉ። ነፍሳቱን በትንሽ በትንሹ ጨምሩ፣ ብዙ ከሆነ ውሃው ይቀዘቅዛል። ውሃው እንደገና መንተክተክ ከጀመረበት ጊዜ ጀምሮ 5 ደቂቃ ቁጠሩ። አጥልሉ። በቃ፣ ሆድ የሚያዛቡት አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች ሞተዋል። መቀቀሉ ሌላም ጥቅም አለው፤ ጥሬውን የፈጨ ሰው ዱቄቱ ሲጠቁርበት ያያል፣ የተቀቀለው ግን ቀለሙን ይዞ ይቆያል።

ግን አልቀናል ብላችሁ ጠረጴዛ ላይ ትታችሁት እንዳትሄዱ። ባሲለስ ሴሪየስን የመሰሉ ባክቴሪያዎች መፍላትን የሚቋቋም ዘር መሰል ነገር (ስፖር) አላቸው። ቅቅሉ እርጥብና ለብ ያለ ሆኖ ከተቀመጠ ስፖሮቹ ነቅተው ይራባሉ፣ መርዝም ያመርታሉ። ስለዚህ ከተቀቀለ በኋላ መንገዱ ሦስት ነው፦ ወዲያው መጥበስ፣ ወዲያው ማድረቅ፣ ወይም ቶሎ አቀዝቅዞ ከ5 ዲግሪ በታች ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት። ክፍል ውስጥ ከሁለት ሰዓት በላይ የቆየ ይጣል። ፍሪጅ ውስጥም ከሁለት ሦስት ቀን አታሳልፉት፤ ለረጅም ጊዜ ከሆነ ፍሪዘር ነው።

7ኛ ደረጃ፦ ማብሰል

ቅቅሉን በንጹሕ ጨርቅ በደንብ አድርቁት፣ እርጥብ ከሆነ ይለሰልሳል እንጂ አይጠበስም። መጥበሻ ላይ ትንሽ ዘይት፣ መካከለኛ እሳት፣ ሳታቋርጡ ማማሰል። ኦቨን ካላችሁ በ180 ዲግሪ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ። ድምፁ ይነግራችኋል፤ መጀመሪያ ይንሻሻል፣ ውሃው ሲያልቅ ደርቆ መንኮሻኮሽ ይጀምራል። ያኔ አውጡ፣ ትንሽ ከዘገያችሁ ያርና ይመራል። ጨውና ቅመም መጨረሻ ላይ። ነጭ ሽንኩርት፣ ሚጥሚጣም ሆነ የሎሚ ጭማቂ ይስማማዋል።

ዱቄት ለማድረግ ከሆነ በ90 ወይም 100 ዲግሪ ኦቨን፣ በሩን ገርበብ አድርጋችሁ፣ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት አድርቁት። መድረቁን የምታውቁት በጣት ስትጫኑት ቀሽ ብሎ ሲሰበር ነው፤ ከታጠፈ ገና ነው። የዱቄት ትል ቅባቱ ብዙ ስለሆነ ሲፈጭ እንደ ለውዝ ቅቤ ሊጣበቅ ይችላል። ፍሪዘር ውስጥ አቀዝቅዙትና በአጭር በአጭሩ እያቆማችሁ ፍጩት። ክሪኬት በዚህ በኩል ይሻላል፣ ደረቅና ብን ያለ ዱቄት ይወጣዋል።

ዱቄቱን ከስንዴ ዱቄት ጋር 10 በመቶ ያህል ቀላቅሉ፣ ማለትም ለ450 ግራም ዱቄት 50 ግራም። ከዚያ በላይ ሲሆን ግሉተን ስለሌለው ዳቦው አይነፋም፣ ጣዕሙም ይጫናል። ሾርባ ላይ፣ የፓስታ ሶስ ውስጥ፣ ብስኩት ላይ መነስነስም ይቻላል። ለእኔ ግን ሙሉ ሆኖ የተጠበሰው ይበልጣል። ዱቄቱ ጠቃሚ ነው፣ የምትበሉት ነገር ምን ዓይነት ጣዕም እንዳለው የምታውቁት ግን ሙሉውን ስትበሉ ነው።

8ኛ ደረጃ፦ የመጀመሪያው ጉርሻ

ከዚህ በፊት ሽሪምፕ በልታችሁ የማታውቁ ከሆነ አለርጂ እንዳለባችሁ አታውቁም ማለት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያ ቀን ሁለት ሦስት ትል ብቻ ብሉ፣ ሌላ አዲስ ምግብ አትጨምሩ፣ ብቻችሁንም አትሁኑ። ከንፈር ማሳከክ፣ ሽፍታ፣ የፊት ማበጥ ከመጣ አቁሙ። ትንፋሽ ካጠረ ወይም ጉሮሮ ከጠበበ ወዲያውኑ ድንገተኛ ሕክምና ነው፣ ይለቀኛል ብሎ መጠበቅ የለም። ምንም ካልተሰማችሁ በሚቀጥለው ጊዜ መጠኑን ጨምሩ።

መጸየፉስ? መጸየፍ ነውር አይደለም፣ በግድም አይለቅም። ዓይናችሁ እንዲለምደው ሥራው ላይ ተሳተፉ፤ ትሉን ከእንቁላል ጀምሮ ያሳደገ፣ ያጠበና የቀቀለ ሰው ሳህን ላይ ሲያየው እንግዳ አይሆንበትም። የቤተሰብ አባል እምቢ ካለ ደግሞ ተዉት። አንድ ነገር ግን ለምኛችኋለሁ፦ ዱቄቱን ምግብ ውስጥ ደብቃችሁ ለሰው አትስጡ። "በልተኸው ነበር እኮ" ብሎ መሳቅ አለርጂ ያለበት ሰው ላይ ሕይወት የሚያስከፍል ነገር ነው። ሳይነገረው የበላ ሰውም ከዚያ በኋላ እጃችሁን አያምንም።

9ኛ ደረጃ፦ ምን አገኘሁ?

ትኩስ የዱቄት ትል ከግማሽ በላይ ውሃ ነው፣ ፕሮቲኑ 20 በመቶ አካባቢ ይሆናል፣ ማለትም ከሌላው ሥጋ ጋር የሚቀራረብ። ሲደርቅ ቁጥሩ ከፍ ስለሚል ማሸጊያዎች ላይ "60 በመቶ ፕሮቲን" የሚል ታያላችሁ። ቁጥሩን ትንሽ ቀነስ አድርጋችሁ አንብቡት። ፕሮቲን የሚለካው ናይትሮጅንን ለክቶ በ6.25 በማባዛት ነው፤ የነፍሳት ቅርፊት የተሠራበት ካይቲን ግን ራሱ ናይትሮጅን አለው፣ ፕሮቲን ደግሞ አይደለም። ተመራማሪዎች ለዱቄት ትል የሚስማማው ማባዣ 4.76 እንደሆነ አሳይተዋል። በዚህ ቢሰላም ፕሮቲኑ ጥሩ ነው። ብረትና ዚንክም አለው፣ ክሪኬት ላይ ደግሞ ቢ12 ይጨመራል።

የተረፈውን የደረቀ ነፍሳ አየር በማያስገባ ዕቃ አሽጉና ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ፣ ቅባቱ ውጭ ከቆየ ይከረፋል። ዕቃው ላይ ምን እንደሆነና መቼ እንደተዘጋጀ ጻፉበት፤ "ሽሪምፕ የማይስማማው አይብላ" የሚለውንም ጨምሩበት። ኩሱን ለአትክልት ማዳበሪያ ተጠቀሙ። ስትሰበስቡም ትልልቆቹን ሁሉ አትጨርሱ፤ ወፍራም ወፍራሙን ለዘር ለዩና ለሚቀጥለው ዙር ፑፓ እንዲሆኑ ተዉአቸው።